በኤስኪውኤል በቀንና በሰዓት ማጣራት፦ የወሩ የመጨረሻ ቀን እንዳይጎድልባችሁ

«ኩዌሪው ይሠራል፣ ስህተትም አያወጣም፤ ድምሩ ግን ከካሸሩ ጋር አልገጥም አለኝ።» በኤስኪውኤል (ዳታቤዝ በምንጠይቅበት ቋንቋ) ስለሚጻፍ ኩዌሪ፣ ማለትም ለዳታቤዙ ስለሚቀርብ ጥያቄ፣ የሚደርሰኝ ነገር ሁሌም የዚሁ ዘመድ ነው። አንዱ የወሩ የመጨረሻ ቀን ሽያጭ ይጎድልበታል። ሌላዋ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተሸጠው ወደ ትናንት ይሄድባታል። ሌላው ደግሞ «የመስከረምን ሪፖርት አምጣ» ይባልና ዳታቤዙ መስከረም የሚባል ወር እንደማያውቅ የሚገባው ያኔ ነው። ደጋግሜ ከምመልስ አንዴ ደረጃ በደረጃ ላስቀምጠው።

ምሳሌያችን ሌሊትም የሚሠራ የአዲስ አበባ ምግብ ቤት ነው። የምሠራው ፖስትግሬስ በሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። ማይኤስኪውኤል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ወይም ኤስኪውላይት ላይ የሚለይ ነገር ካለ እዚያው ቦታው ላይ እነግራችኋለሁ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ሰሌክት፣ ፍሮም፣ ዌር እያልኩ። እናንተ ስትጽፏቸው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የቴብልና የኮለም ስሞች ግን በአማርኛ እንዳሉ ይሠራሉ። ፖስትግሬስም፣ ማይኤስኪውኤልም፣ ኤስኪውላይትም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዳታቤዙን የማንበብ ፈቃድ። ለዚህ ሥራ የመጻፍ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ባይኖራችሁም ይሻላል።
- ኩዌሪ የምትጽፉበት ፕሮግራም። ዲቢቨር ወይም ፒጂአድሚን ይበቃል።
- እንደፈለጋችሁ የምትሠሩበት የልምምድ ዳታቤዝ። የድርጅቱ ዋና ሰርቨር ላይ አትለማመዱ።
- ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን የሚያሳይ ካላንደር።
- የአንድ ጥያቄ መልስ፦ በሲስተሙ ላይ ያለው ሰዓት የአዲስ አበባ ነው ወይስ የዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት)? መልሱን ሲስተሙን የሠራው ሰው ያውቀዋል። እሱ ከሌለ ደረጃ 6 ላይ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ የልምምድ ቴብል ሥሩ

መልሱን አስቀድማችሁ በምታውቁት ትንሽ ዳታ ጀምሩ። ምክንያቱም በመቶ ሺህ ረድፍ መሀል አንድ ቀን ቢጎድል በዓይን አይታይም።

ክሪኤት ቴብል ሽያጭ (
  ቁጥር ኢንቲጀር,
  የተሸጠበት ታይምስታምፕ,
  ዋጋ ኒውመሪክ
);

ኢንሰርት ኢንቱ ሽያጭ ቫሊውስ
(1, '2025-09-10 23:40:00', 350),
(2, '2025-09-11 00:00:00', 1200),
(3, '2025-09-11 01:15:00', 480),
(4, '2025-10-10 00:00:00', 90),
(5, '2025-10-10 19:25:30', 2150),
(6, '2025-10-10 23:59:59.6', 640),
(7, '2025-10-11 00:00:00', 775);

ቀኖቹን ሆን ብዬ ነው የመረጥኳቸው። ሴፕቴምበር 11, 2025 መስከረም 1, 2018 ነው። ኦክቶበር 10 መስከረም 30 ሲሆን፣ ኦክቶበር 11 ጥቅምት 1 ነው። ስለዚህ የመስከረም ሽያጭ ከ2ኛው እስከ 6ኛው ረድፍ ያለው ነው። ድምሩ 4,560 ብር። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ ከዚህ በኋላ ሁሉንም ነገር የምንለካው በእሷ ነው።

ማይኤስኪውኤል ላይ የምትሞክሩ ከሆነ የኮለሙን ዓይነት ዴትታይም(6) አድርጉት። ቅንፍ ውስጥ ያለው 6 ከሌለ የሰከንድ ክፍልፋይ አይቀመጥም። 6ኛው ረድፍ ተጠጋግቶ ጥቅምት 1 ላይ ያርፍና መስከረም 640 ብር ይከስራል።

ደረጃ 2፦ የኮለሙን ዓይነት አረጋግጡ

ዲቢቨር ላይ ቴብሉን ተጭናችሁ የኮለሞቹን ዝርዝር እዩ። ከአራት አንዱን ታገኛላችሁ።

ዴት ከሆነ ቀን ብቻ ነው፤ ሰዓት የለውም። ከኦራክል በስተቀር። ኦራክል ላይ ዴት የሚባለው እስከ ሰከንድ ድረስ ሰዓት ይይዛል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ታይምስታምፕ ወይም ዴትታይም ከሆነ ቀንም ሰዓትም አለው። የማን አገር ሰዓት እንደሆነ ግን አይናገርም።

ታይምስታምፕቲዜድ ከሆነ ፖስትግሬስ በዩቲሲ ያስቀምጠውና ሲያሳያችሁ ወደ እናንተ ሰዓት ይቀይረዋል። የማይኤስኪውኤል ታይምስታምፕም እንዲሁ ያደርጋል። እሱ ግን ከጃንዋሪ 19, 2038 አያልፍም። የረጅም ጊዜ ብድር ወይም የሊዝ ማብቂያ ቀን እዚያ ውስጥ አታስገቡ።

ጽሑፍ፣ ማለትም ቫርቻር ወይም ቴክስት ከሆነ ቆም በሉ። ጽሑፍ የሚወዳደረው ፊደል በፊደል ነው። '10/11/2025' ከ'9/11/2025' ያንሳል፤ 1 ከ9 ትቀድማለችና። ቀኑ በዓመት-ወር-ቀን ቅደም ተከተል፣ በዜሮ ተሞልቶ ከተጻፈ ግን የጽሑፍ ውድድሩም በትክክል ይሠራል። ኤስኪውላይት ለቀን የተለየ ዓይነት የለውምና የምትኖሩት በዚህ ነው። የሞባይል አፕ የምትሠሩ ልብ በሉ።

ደረጃ 3፦ ጥያቄውን በአማርኛ ጻፉት

ኩዌሪውን ከመንካታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ጊዜ በዚህ ቅርጽ አስቀምጡት፦ «ከመስከረም 1 ጀምሮ፣ ጥቅምት 1 ሳይገባ።» «እስከ መስከረም 30» አትበሉ። እስከ የሚለው ቃል 30ኛውን ቀን ይጨምር አይጨምር አይታወቅም። ሰው ለሰው ሲያወራ ይግባባበታል፤ ኮምፒውተር ግን አይገባውም።

ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ወደ ፈረንጅ ቀን ቀይሩ፦ 2025-09-11 እና 2025-10-11። አጻጻፉ ሁልጊዜ ዓመት-ወር-ቀን ይሁን። 04/05/2025 ብትጽፉ አንዱ ሰርቨር ኤፕሪል 5፣ ሌላው ሜይ 4 ብሎ ያነበዋል። ሁለቱም ቅሬታ አያሰሙም።

ማስጠንቀቂያ፦ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ኮለሙ የድሮው ዴትታይም ከሆነና የቋንቋው ቅንብር የእንግሊዝ ከሆነ '2025-09-11' ኖቬምበር 9 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እዚያ ሰረዙን አውጡና '20250911' ብላችሁ ጻፉ። ይህ በየትኛውም ቅንብር አይምታታም።

ደረጃ 4፦ ማጣሪያውን ጻፉ

ሰሌክት ሰም(ዋጋ) ፍሮም ሽያጭ
ዌር የተሸጠበት >= '2025-09-11'
ኤንድ የተሸጠበት < '2025-10-11';

መልስ፦ 4,560። የመጀመሪያው ምልክት «ጀምሮ» ነው፣ ሁለተኛው «ሳይገባ»። ደረጃ 3 ላይ የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ራሱ ማለት ነው።

አሁን ሰዎች የሚልኩልኝን ሦስት ኩዌሪዎች በዚሁ ቴብል ላይ እንሞክር። ሦስቱም ቢትዊን የሚባለውን ይጠቀማሉ። ቢትዊን ሁለቱንም ጫፎች ጨምሮ ነው የሚቆጥረው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው፦

ዌር የተሸጠበት ቢትዊን '2025-09-11' ኤንድ '2025-10-10'

መልስ፦ 1,770። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ብር ጠፋ። ሰዓት ያልተጻፈበት ቀን 00:00:00 ተብሎ ነው የሚነበበው። ስለዚህ '2025-10-10' ማለት የመስከረም 30 የመጀመሪያዋ ቅጽበት እንጂ ቀኑ በሙሉ አይደለም። ልክ 00:00 ላይ የተመዘገበው የ90 ብሩ ሻይ ገባ። የማታው 2,150 እና የሌሊቱ 640 ግን ውጭ ቀሩ። «የመጨረሻው ቀን ጠፋብኝ» የሚሉኝ ሁሉ የወደቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ «እንግዲያው አንድ ቀን ልጨምር» የሚለው፦

ዌር የተሸጠበት ቢትዊን '2025-09-11' ኤንድ '2025-10-11'

መልስ፦ 5,335። አሁን ደግሞ የጥቅምት 1 የመጀመሪያ ቅጽበት ተጨመረ። የጥቅምትን ሪፖርት ስታወጡ ያው 775 ብር እዚያም ይቆጠራል። አንድ ሽያጭ ሁለት ወር ላይ ገባ። «እኩለ ሌሊት ላይ ማን ይሸጣል?» እንዳትሉ። ሰዓት ሳይመዘግቡ ቀን ብቻ የሚያስገቡ ሲስተሞች ላይ ሁሉም ረድፍ 00:00:00 ነው። እዚያ የሚደገመው የቀኑ ሽያጭ በሙሉ ነው።

ሦስተኛው፣ ብልጥ የሚመስለው፦

ዌር የተሸጠበት ቢትዊን '2025-09-11' ኤንድ '2025-10-10 23:59:59'

መልስ፦ 3,920። በ23:59:59.6 የተመዘገበው 640 ብር አመለጠ። ፖስትግሬስ ሰከንድን እስከ ሚሊዮንኛ ክፍል ይይዛል። «.999 እጨምርበታለሁ» ካላችሁ ደግሞ የኤስኪውኤል ሰርቨር ዴትታይም ያን ቁጥር ወደ ላይ ያጠጋጋውና የማግስቱን 00:00 ያደርግላችኋል። ተመልሳችሁ ሁለተኛው ስህተት ውስጥ ትገባላችሁ።

«ጀምሮ … ሳይገባ» ላይ ግን የሰከንዱ ርቀት ምንም ይሁን ምን ክፍተት አይኖርም። የአንዱ ወር ማብቂያ ለሚቀጥለው መነሻ ነው። የሁሉም ወራት ድምር ከዓመቱ ድምር ጋር ይገጥማል። ኮለሙ ንጹህ ዴት ከሆነ ቢትዊን ችግር የለበትም። እኔ ግን እዚያም አልጠቀምበትም። ነገ አንዱ ተነስቶ ኮለሙን ወደ ታይምስታምፕ ሊቀይረው ይችላል፤ ኩዌሪው ደግሞ ትንፍሽ አይልም።

ደረጃ 5፦ ኮለሙን በፈንክሽን አትጠቅልሉት

ይህን ብዙ ቦታ ታዩታላችሁ፦

ዌር ዴት(የተሸጠበት) = '2025-09-11'

መልሱ ትክክል ነው፤ የሚጎዳው ፍጥነቱን ነው። የተሸጠበት ላይ ኢንዴክስ ቢኖርም ዳታቤዙ እያንዳንዱን ረድፍ አንሥቶ ፈንክሽኑን ካላሰላ የትኛው እንደሚገጥም ማወቅ አይችልም። ማውጫ ያለውን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደማንበብ ነው። ኢየር(የተሸጠበት) = 2025 የሚለውም እንደዚሁ ነው።

ኮለሙን ባዶውን ተዉት፤ ሒሳቡን ወደ ቀኝ በኩል አዙሩት፦

ዌር የተሸጠበት >= '2025-09-11' ኤንድ የተሸጠበት < '2025-09-12'

ኢንዴክስ ከሌለ አስገቡ ወይም ፈቃድ ላለው ሰው ንገሩ፦

ክሪኤት ኢንዴክስ ኦን ሽያጭ (የተሸጠበት);

ከኩዌሪው ፊት ኤክስፕሌይን ጨምራችሁ አስኪዱት። ሲክ ስካን ካለ ቴብሉን በሙሉ እያነበበ ነው። ኢንዴክስ ስካን ካለ መንገዱን አግኝቷል። በሰባት ረድፍ የልምምድ ቴብል ላይ ሁልጊዜ ሲክ ስካን ቢላችሁ አትደንግጡ። ለትንሽ ቴብል ሁሉንም ማንበብ ስለሚቀለው ነው። ልዩነቱን የምታዩት ትልቅ ቴብል ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ የማን ሰዓት እንደሆነ እወቁ

አዲስ አበባ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ይህ ዓመቱን ሙሉ አይለዋወጥም። ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ በዩቲሲ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የአዲስ አበባ ቀን የሚጀምረው በሰርቨሩ አቆጣጠር በዋዜማው 21:00 ላይ ነው።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ የተሸጠውን 3ኛ ረድፍ እንየው። በእኛ መስከረም 1 ነው። በዩቲሲ ግን 2025-09-10 22:15 ይሆናል፤ ጳጉሜን 5 መሆኑ ነው። ሰባቱም ረድፎች በዩቲሲ ተቀምጠው ቢሆንና የደረጃ 4ን ኩዌሪ እንዳለ ብታስኪዱት 3,655 ብር ይመጣላችኋል። የአዲስ ዓመት ሌሊት ሽያጭ በሙሉ ወጥቶ የጥቅምት 1 ገብቶበታል።

በየትኛው እንደሆናችሁ ለማወቅ እንዲህ አድርጉ። ፖስትግሬስ ላይ ሾው ታይምዞን፣ ማይኤስኪውኤል ላይ ሰሌክት @@ሰሽን.ታይም_ዞን በሉ። ይህ ግን የሰርቨሩን ቅንብር እንጂ አፑ ምን እየጻፈ እንደሆነ አይነግራችሁም። አስተማማኙ መንገድ አንድ ደረሰኝ ይዞ መሄድ ነው። ደረሰኙ ላይ 14:30 ይላል፣ ዳታቤዙ ላይ 11:30 ካለ ዩቲሲ ነው።

መፍትሔው እንደ ኮለሙ ዓይነት ነው።

ተራ ታይምስታምፕ ሆኖ ዩቲሲ ከያዘ ጫፎቹን ራሳችሁ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ሳቡ፦

ዌር የተሸጠበት >= '2025-09-10 21:00'
ኤንድ የተሸጠበት < '2025-10-10 21:00'

ታይምስታምፕቲዜድ ከሆነ ልዩነቱን እዚያው ጻፉለት፦

ዌር የተሸጠበት >= '2025-09-11 00:00+03'
ኤንድ የተሸጠበት < '2025-10-11 00:00+03'

ሁለቱም ወደ 4,560 ይመልሷችኋል። ሁለተኛው ከየትኛውም ኮምፒውተር ቢላክ መልሱ አንድ ነው። +03 ካልተጻፈ ግን እናንተ ቢሯችሁ ሆናችሁ የምታገኙት ቁጥርና ሰርቨሩ በራሱ ሌሊት የሚያወጣው ሪፖርት ሊለያይ ይችላል።

ዋሽንግተን አካባቢ ሱቅ ወይም ሬስቶራንት ላላችሁ የተለየ ማሳሰቢያ አለ። እናንተ ጋ ሰዓቱ በዓመት ሁለቴ ይቀየራል። ማርች 9, 2025 የ23 ሰዓት ቀን ነበር፤ ኖቬምበር 2, 2025 ደግሞ የ25። ስለዚህ ቁጥር አትጻፉ፤ የዞኑን ስም ተጠቀሙ። ስሙ የአህጉሩ ስም፣ እዝባር፣ ከዚያ የከተማው ስም ነው፤ ለእናንተ አሜሪካ/ኒው_ዮርክ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። «24 ሰዓት ደምር» እና «1 ቀን ደምር» በእነዚያ ሁለት ቀናት አንድ አይደሉም።

ደረጃ 7፦ የኢትዮጵያን ወራት በቴብል አስቀምጡ

በየወሩ ካላንደር እያያችሁ መቀየር ይሰለቻል፤ መሳሳትም አይቀርም። አንዴ ቴብል ሥሩና ተገላገሉ፦

ክሪኤት ቴብል ወራት (
  ስም ቴክስት,
  መነሻ ዴት,
  ቀጣይ_መነሻ ዴት
);

የ2018 መነሻዎች እነዚህ ናቸው፦

መስከረም 1 — 2025-09-11
ጥቅምት 1 — 2025-10-11
ኅዳር 1 — 2025-11-10
ታኅሣሥ 1 — 2025-12-10
ጥር 1 — 2026-01-09
የካቲት 1 — 2026-02-08
መጋቢት 1 — 2026-03-10
ሚያዝያ 1 — 2026-04-09
ግንቦት 1 — 2026-05-09
ሰኔ 1 — 2026-06-08
ሐምሌ 1 — 2026-07-08
ነሐሴ 1 — 2026-08-07
ጳጉሜን 1 — 2026-09-06
መስከረም 1, 2019 — 2026-09-11

የእያንዳንዱ ወር ቀጣይ_መነሻ ከሥሩ ያለው ቀን ነው። ስም ላይ ዓመቱንም ጨምሩ፤ «መስከረም 2018» ብላችሁ። አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ሁለት መስከረም ይደመርባችኋል። ከዚያ፦

ሰሌክት ወ.ስም, ሰም(ሽ.ዋጋ)
ፍሮም ወራት ወ
ሌፍት ጆይን ሽያጭ ሽ
  ኦን ሽ.የተሸጠበት >= ወ.መነሻ
  ኤንድ ሽ.የተሸጠበት < ወ.ቀጣይ_መነሻ
ግሩፕ ባይ ወ.ስም, ወ.መነሻ
ኦርደር ባይ ወ.መነሻ;

ሌፍት ጆይን ያልኩት ምንም ያልተሸጠበት ወርም በዝርዝሩ ላይ እንዲታይ ነው። በተራ ጆይን ጳጉሜን ብዙ ጊዜ ከሪፖርቱ ድራሿ ይጠፋል። ኦርደር ባይ ላይ መነሻን የተጠቀምኩት ደግሞ ወራቱ በስማቸው ፊደል ተራ እንዳይሰለፉ ነው።

የበጀት ዓመት ለሚጠየቁ ቀላል ነው፤ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የሚቀጥለው ሐምሌ 1 ሳይገባ። የ2018 በጀት ዓመት ከ2025-07-08 ጀምሮ 2026-07-08 ሳይገባ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቴብሉን «1 ወር ደምር» እያላችሁ አትሙሉት። ሴፕቴምበር 11 ላይ አንድ ወር ስትጨምሩ ኦክቶበር 11 ይመጣል፤ ትክክል ነው። እንደገና ስትጨምሩ ኖቬምበር 11 ይላችኋል፤ ኅዳር 1 ግን ኖቬምበር 10 ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ልክ ስለሚሆን ሰው አይጠረጥርም። በምትኩ 30 ቀን ደምሩ፤ ለጳጉሜን 5። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። የሚቀጥለው 2019 ላይ ነው። ስለዚህ መስከረም 1, 2020 የሚውለው ሴፕቴምበር 12, 2027 ነው።

ደረጃ 8፦ «ዛሬ» እና «ያለፉት 7 ቀናት»

የዛሬ፦

ዌር የተሸጠበት >= ከረንት_ዴት ኤንድ የተሸጠበት < ከረንት_ዴት + 1

ይህ ለፖስትግሬስ ነው። ማይኤስኪውኤል ላይ + 1 አትበሉ፤ ቀኑን ወደ ተራ ቁጥር ቀይሮ ነው የሚደምረው። የወሩ መጨረሻ ላይ የሌለ ቀን ይፈጥራል። እዚያ + ኢንተርቫል 1 ዴይ ይባላል። ኤስኪውላይት ላይ ዴት('ናው') የሚሰጣችሁ የዩቲሲን ቀን ነው። ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ትናንትን ያሳያችኋል። 'ሎካልታይም' የሚለውን ጨምሩበት።

ላለፉት 7 ቀናት ናው() - ኢንተርቫል '7 ዴይስ' ብትሉ ከሳምንት በፊት ከዚችው ሰዓት ጀምሮ ይቆጥራል። አለቃችሁ ጠዋት ያየው ቁጥርና ከሰዓት ያየው ይለያይና ጣጣ ይመጣል። ያለቁ ቀናትን ብቻ ውሰዱ፤ >= ከረንት_ዴት - 7 ኤንድ < ከረንት_ዴት። ቁጥሩ ቀኑን ሙሉ አይነቃነቅም።

ደረጃ 9፦ በቀኑ ሰዓት ማጣራት

የሌሊት ፈረቃን ብቻ እንፈልግ፤ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12። ዳታቤዙ የሚያውቀው የ24 ሰዓቱን አቆጣጠር ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 11 ድረስ 6 ደምሩ። ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 5 ድረስ 18 ደምሩ። ከሌሊቱ 6 ጀምሮ 6 ቀንሱ። ንጋት 12 ማለት 06:00፣ ምሽት 12 ማለት 18:00 ነው። «2 ሰዓት ላይ እንከፍታለን» ሲሏችሁ 02:00 ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ 08:00 ነው።

ዌር የተሸጠበት >= '2025-09-11' ኤንድ የተሸጠበት < '2025-10-11'
ኤንድ (የተሸጠበት::ታይም >= '18:00' ኦር የተሸጠበት::ታይም < '06:00')

::ታይም የሚለው ሰዓቱን ብቻ ነጥሎ ይወስዳል። ሰዓቱ እኩለ ሌሊትን ስለሚሻገር ኦር ያስፈልጋል። ቢትዊን '18:00' ኤንድ '06:00' ብትሉ ባዶ ይመጣል፤ ከ18 በላይም ከ6 በታችም የሆነ ሰዓት የለም። ቅንፉንም እንዳትረሱት። ኤንድ ከኦር ቀድሞ ስለሚሰላ፣ ያለ ቅንፍ ከ06:00 በፊት ያለ ሁሉ የወሩን ገደብ ጥሶ ይገባል። በልምምዱ ቴብል ላይ የጥቅምት 1 ሽያጭ፣ 775 ብር፣ ሾልኮ ሲገባ ታዩታላችሁ።

ባለቤቱ «የእኛ ቀን የሚያልቀው ሌሊቱ ሲዘጋ ነው» ካለ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። የመስከረም 1 ሒሳብ ከ'2025-09-11 06:00' ጀምሮ '2025-09-12 06:00' ሳይገባ ይሆናል። ይህን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁት። ገምታችሁ አትሥሩ።

ደረጃ 10፦ ከመሰረዝ በፊት

አሮጌ ሬከርድ በቀን ለይታችሁ የምታጠፉ ከሆነ፣ መጀመሪያ ያንኑ ዌር በሰሌክት ካውንት(*) አስኪዱት። ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ቢጊን በሉ፣ ዲሊቱን አስኪዱ፣ «ይህን ያህል ረድፍ ጠፋ» የሚለውን ከጻፋችሁት ጋር አመሳክሩ። ከገጠመ ኮሚት (አጽድቁት)፤ ካልገጠመ ሮልባክ (ወደ ነበረበት መልሱት)። ያለ ቢጊን ያጠፋችሁትን የሚመልስላችሁ ባክአፕ ብቻ ነው።

ደጋግመው የሚያጋጥሙ ሌሎች ስህተቶች

የኢትዮጵያን ቀን ዴት ኮለም ውስጥ ማስገባት። ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ይኖራልና። መስከረም 30, 2018ን '2018-01-30' ብላችሁ ብታስገቡ ዳታቤዙ ጃንዋሪ 30, 2018 ብሎ በደስታ ይቀበላል። ወራቱን ሁሉ እንዲህ ይውጣቸዋል። እምቢ የሚለው ጥቅምት 29 እና 30 ላይ ነው፤ ፌብሩዋሪ 2018 እስከ 28 ብቻ ስላለው። ጳጉሜንንም አይቀበልም፤ 13ኛ ወር አያውቅም። «ሲስተሙ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ብቻ ስህተት ያወጣል» ካሏችሁ ወዲያው ይህን ጠርጥሩ። ለማጣራት ድርጅቱ ከመከፈቱ በፊት ያለ ቀን ፈልጉ፤ ዌር የተሸጠበት < '2020-01-01' እንደማለት። አንድም ረድፍ ከመጣ ችግሩን አግኝታችኋል።

ከፎርም የመጣን ቀን በኩዌሪው ጽሑፍ ላይ መቀጠል። ተጠቃሚው ያስገባውን በፓራሜትር፣ ማለትም ከኩዌሪው ጽሑፍ ለይታችሁ፣ አሳልፉት። አለበለዚያ ለኤስኪውኤል ኢንጄክሽን (ሰው በፎርሙ በኩል የራሱን ትእዛዝ ለሚያስገባበት ጥቃት) በሩን ከፈታችሁ። የቀኑ አጻጻፍ ችግርም ፓራሜትር ላይ አብዛኛው ይጠፋል።

ማብቂያ ቀኑን ከተጠቃሚ እንዳለ መቀበል። ሰው ፎርም ላይ «እስከ መስከረም 30» ብሎ ሲመርጥ ቀኑን ጨምሮ ማለቱ ነው። ስክሪኑ ላይ እንደዚያ ይቆይለት፤ እናንተ ኩዌሪው ውስጥ አንድ ቀን ደምራችሁ < አድርጉት።

ባዶ ቀንን መርሳት። የተሸጠበት ያልተሞላ ረድፍ በ>=ም ሆነ በ< አይመጣም። የወራቱን ድምር ደምራችሁ ከጠቅላላው ካነሰ እንዲህ ፈልጉት፦

ሰሌክት ካውንት(*), ሰም(ዋጋ) ፍሮም ሽያጭ
ዌር የተሸጠበት ኢዝ ነል;

= ነል ብላችሁ ብትጽፉ ምንጊዜም ባዶ ነው የሚመጣው።